ለ«ፋራ» የሚመጥን ድንጋይ

ከሚሴ ውስጥ «ፋራ» የሚለውን ቃል ማን አስገባው ቢባል፣ እኔ ነኝ ብዬ እጄን አወጣለሁ። ከእኔ በፊት የከባድ መኪና ሹፌሮች ሳያራግፉት አልቀሩም፤ እነሱ ግን ምሳቸውን በልተው መንገዳቸውን የሚቀጥሉ ሰዎች ናቸው። ቃሉን ቤት ድረስ አስገብቼ ሥራ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። ዘጠናዎቹ ገና ሲጀምሩ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ አንድ ዓመት ተቀምጬ ታይፕ ተምሬ ተመለስኩ። የሚቀጥረኝ መሥሪያ ቤት እስኪገኝ ድረስ ጣቶቼ ሲያርፉ ምላሴ ሥራ ያዘ።

ጎረቤታችን አዲሱን ሬዲዮ ከነላስቲኩ ሲያዳምጥ፣ ፋራ። መምህሩ የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ወትፎ ብስክሌት ሲነዳ፣ ፋራ። እናቴ ለእንግዳ ለስላሳ በሻይ ብርጭቆ ስትቀዳ፣ እሷንም አልማርኳት። ምን ማለት እንደሆነ አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ድምፄን ሰምታ ብቻ ለመደችውና አንድ ቀን እንቁላል መጣል ያቆመች ዶሮዋን «ውጪ ከዚህ፣ ፋራ!» ብላ ስታባርር ሰማኋት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ፤ አልጠረጠርኩም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ አስፋልቱ ዳር ነው፤ ከኋላው መኖሪያችን። በሁለት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ ከእሱ ጋር ትሰፋለች፤ ዝምተኛ ናት፤ የእሷን ድርሻ ንግግርም እኔ ነበርኩ የምናገረው። ለጨፋ ሸለቆ ሰው ታጭታ ነበር፤ ማሽላና ጤፍ የሚያርስ፣ ከብት ያለው፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። አንዱን ሱሪ ሦስት ጊዜ ሊያሳጥር መጥቶ ነው የተያዩት። ሱሪው በሦስተኛው ጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቶ ነበር። እህቴ እንደወደደችው ያወቅኩት ቁልፉን በድርብ ክር ስትሰፋለት አይቼ ነው፤ ለማንም እንዲህ አታደርግም።

ኒካው ሊታሰር አንድ ወር ያህል ሲቀረው ከእናቱ ወንድም ጋር አባቴን ሊጠይቅ መጣ። በዚያ ሰሞን አባቴ የሱቁን ወለል አበባ ያለበት ፕላስቲክ አንጥፎበት ስለነበር ደስታው ገና አልወጣለትም። ሙሽራው ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ አበባውን አየ። ከዚያ ጎንበስ አለና ጫማውን አውልቆ፣ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦ በካልሲው ገባ። አንዱ ካልሲ ቡናማ፣ አንዱ አረንጓዴ ነበር።

ሰላምታውን ጀመረ። «አሰላሙ አለይኩም። አካም ጂርቱ? እንዴት ሰነበታችሁ? ጤናችሁ? ነጋ፣ ሰላም ነው? ልጆቹ? ሥራው? መኪናዋስ ደህና ትሰፋለች?» የስፌት መኪናዋን ደኅንነት ሲጠይቅ ከጓደኞቼ ጋር በሩ አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዷ በክርኗ ነካችኝ። እኔም በዚያው ባስለመድኩት ድምፅ «ውይ፣ ፋራ» አልኩ። ጓደኞቼ በሳቅ ፍርፍር አሉ። እሱ ወደኛ ዞሮ ፈገግ ብሎ የእኔንም ጤና ጠየቀኝ። አጎቱ ግን ፈገግ አላለም።

«ምንድን ነው ያለችው?» አለ አባቴን።

«የአዲስ አበባ ነገር ነው» አለ አባቴ፣ መርፌ ከአፉ ሳያወጣ።

«ደግ ነገር ነው ክፉ?»

አባቴ እኔን አየ። እኔ አበባውን አየሁ።

«ስሟ ያልታወቀ እባብ አልረግጥም» አለ አጎትየው። የእህቱን ልጅ ጫማ አንሥቶ አቀበለውና ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። በማግስቱ መልእክት መጣ፤ ልጃችን ምን እንደተባለ እስኪታወቅ ድረስ የኒካው ወሬ ይቁም። የሚታወቅ ስድብ ቢሆን ኖሮ እኮ ቀላል ነበር፤ ለሚታወቅ ስድብ የሚታወቅ ካሳ አለ። ያልታወቀ ስድብ ግን ልክ የለውም። ጨፋ ላይ በሳምንት ውስጥ አደገ። አንዱ «ሌባ ማለት ነው» አለ፤ ሌላው «መካን ማለት ነው» አለ፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ደግሞ «ሶላት የማይሰግድ» ማለት ሆነ አሉ።

ቤት ውስጥ እህቴ ታልፈኛለች፤ እንደ በርሜል ዞራኝ ትሄዳለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ስሰድብ እንደኔ ደፋር የለም፤ የእሷን ዝምታ ግን አልቻልኩትም። የምትወደውን ሰው በአንዲት ቃል እንዳሳጣኋት አውቅ ነበር፤ ቃሉን ደግሞ መልሼ መዋጥ አልችልም።

በመጨረሻ ሽማግሌ ተቀመጠ። ግቢያችን ውስጥ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈና ሸኹ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ፤ አጎትየው በአንድ በኩል፣ አባቴ በሌላ በኩል። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ የተበዳይ ደጅ ይሄዳል፤ ተበዳዩ «አውርድ» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ድንጋይ መሸከሜ አልቀረልኝም። ጭቅጭቁ የድንጋዩ መጠን ላይ ነበር።

አንደኛው ሽማግሌ «ሴት ልጅ ድንጋይ ስትሸከም አላየንም» አሉ።

«ሴት ልጅ እንግዳ ስትሰድብስ አይታችኋል?» አለ አጎትየው።

ሸኹ እጃቸውን አነሡ። «ባህል ነው፤ ድንጋይ ትሸከማለች። መሬት ወድቆ ሱጁድ ግን የለም፤ ለአላህ ብቻ ነው። አሁን ስድቡን እንመዝን። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ይምጣ።»

ሦስት ድንጋይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አንዱ ዳቦ የሚያህል፣ አንዱ ሐብሐብ የሚያህል፣ አንዱ ደግሞ ስለሱ ባላስብ የምመርጠው። ከቦርከና ወንዝ በጋሪ የመጡ ናቸው።

መጀመሪያ የተጠራው በደሴና በአዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። «ቃሉ የመንገድ ነው አባቶቼ» አለ። «የአዲስ አበባው የደብረ ብርሃኑን ፋራ ይለዋል፤ የደብረ ብርሃኑ የሸዋ ሮቢቱን፤ የሸዋ ሮቢቱ የአጣዬውን፤ የአጣዬው እናንተን። ደሴ ስደርስ ደግሞ ከደሴ ውጭ ያለው ሁሉ ነው ይሉኛል።»

«የአዲስ አበባውንስ ማን ይለዋል?»

«እሱንማ ከውጭ አገር የመጣ ዘመዱ ይለዋል።»

«እና መጨረሻው የት ነው?» አሉ ሸኹ።

«አላውቅም፤ የኔ መስመር ደሴ ላይ ያልቃል።»

ይህ ለእኔ መልካም ነበር፤ ሁሉም የሚባለው ከሆነ ስድብ አይደለም ተባለና ዓይን ሁሉ ወደ ዳቦዋ ዞረ። ቀጥሎ ግቢያችን ተከራይቶ የሚኖር የዞን ግብርና ባለሙያ መጣ፤ ከጎጃም የመጣ፣ ጨዋ ክርስቲያን ሰው። ጉሮሮውን ጠርጎ «እንደኔ አረዳድ ኋላ ቀር ማለት ነው። አዲስ አሠራር የማይቀበል። ለምሳሌ ማዳበሪያ የማይወስድ ገበሬ» አለ።

አጎትየው ብድግ አለ። «የእህቴ ልጅ ማዳበሪያ ወስዷል! ከሰፈሩ መጀመሪያ የወሰደ እሱ ነው!» ባለሙያው ደነገጠና እንደዚያ ከሆነስ ግለሰቡን አይመለከትም አለ። አጎትየው ግን ቃሉ በመንግሥት አፍ ከተነገረ ከባድ ነው ብሎ ወደ ሦስተኛው ድንጋይ ጠቆመ። አባቴ በሙያው መጣ፤ ከአንገቱ ላይ የመለኪያ ሜትሩን አውርዶ የድንጋዩን ወገብ ለካና «ይህ ለልጄ ይሰፋታል» አለ። ያን ጊዜ የሳቀ አልነበረም፤ እኔ ዛሬም ሳስታውሰው እስቃለሁ።

ሦስተኛዋ ምስክር ሽርጥ ከአባቴ እያሰፋች ባቲ ገበያ የምትሸጥ ሴት ነበረች። «ኧረ እኛ ዘንድ ሌላ ነው» አለች። «ባቲ ላይ ፋራ የሚባለው ችኩሉ ነው። አፋሩ ከቆላ መጥቶ ግመሉን እንዳንበረከከ፣ አገሩ ሰላም መሆኑን፣ ዝናብ መጣሉን ሳይጠይቅ ‹ስንት ነው?› የሚለው ገዢ። ወሬ የማያውቅ፣ ሰላምታ የማያውቅ። ይህ ልጅ እንዲህ ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የሙሽራው ሰላምታ ዙሁር ሶላት ላይ ተጀምሮ ዐስር ሶላት ላይ የሚያልቅ መሆኑን የማያውቅ የለም። «እንግዲያ በባቲ ሕግ ፋራዋ ልጅቷ ናት» አለች ሴትየዋ፣ ሽርጧን አስተካክላ። ግቢው በሙሉ ሳቀ፤ አጎትየው እንኳን ጢሙን ዳበሰ።

ሸኹ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «ሦስት ሰው ሦስት ነገር አለ። የተናገርሽው አንቺ ነሽ። ምን ማለትሽ ነበር?»

ምን ማለቴ እንደነበር ፈለግኩ፤ የለም። ያለውን ተናገርኩ። አዲስ አበባ በገባሁ በሁለተኛው ቀን ታክሲ ውስጥ ስገባ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት አደራችሁ» ብዬ ለተቀመጠው ሁሉ ሰላምታ ሰጠሁ። ረዳቱ «ፋራ ጫንን!» አለ። አሥራ አንዱም ተሳፋሪ ሳቀ፤ የአክስቴ ልጅ ከጎኔ ቁጭ ብላ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ሲሉኝ ከረሙ፤ ስበላ፣ ስሄድ፣ ስስቅ። «ከሚሴ ስመለስ እኔም ለሰው ብሰጠው ይቀልለኛል ብዬ ነው» አልኩ። እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

ሸኹ ወደ ሐብሐቧ ጠቆሙ። «መካከለኛዋ» አሉ። አጎትየው ትልቋን፣ አባቴ ትንሿን እየተመኙ ተስማሙ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወጣን። ድንጋዩን ይዘን ሚኒባስ ስንሳፈር ረዳቱ «ይህ ምንድን ነው?» አለ። አባቴ «ድንጋይ» አለ። «ጨፋ ድንጋይ አለቀ እንዴ?» ብሎ ወንበር ሥር ወተፈው። ከአስፋልቱ ስንወርድ ወደ ሰፈራቸው የሚወስደው መንገድ በማሽላው መካከል የአንድ ሰዓት ያህል ነው። ድንጋዩ ትከሻዬ ላይ ተቀመጠ። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ማንም አይነካልኝም።

ሽማግሌ ያወጣው ሕግ ግን የጨፋን ሰው አላሰበውም። በዚያ ሸለቆ ሸክም የያዘ ሰው አይቶ ሳያግዝ የሚያልፍ የለም፤ ነውር ነው። ገና ከመነሣታችን ሣር የተሸከሙ አሮጊት ተገናኙን። እሳቸው ራሳቸው በሣሩ ውስጥ አይታዩም፤ «ውይ የኔ ልጅ፣ ምን አሸከሙሽ? አምጪ እስኪ» አሉ። ይቅርታ ልጠይቅ የምሄድ መሆኔን ስነግራቸው «ይሁና፤ ይቅርታው እዚያ ዛፍ ድረስ አይፈልግሽም» ብለው ታገሉኝ። ሸኹ ተመልሰው አስጣሉልኝ። ቀጥሎ አህያ የሚነዳ ሰው አህያው ላይ ልጫነው አለ፤ ሸኹ እንደገና ተመለሱ። ከዚያ ሁለት የሚያውቋቸው ሰዎች መጡና ሸኹና አባቴ ሰላምታ ላይ ቆሙ። የጨፋ ሰላምታ መቼ እንደሚያልቅ ስለማይታወቅ እኔ ቀስ ብዬ ቀደምኩ።

ከማሽላው ውስጥ ማጭድ የያዘ ሰው ወጣ። እሱ ነው፤ ሙሽራው። አጎቱ ሽማግሌ ይመጣል ከማለት በቀር ምንም አልነገረውም ነበር፤ ድንጋይ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም! ኧረ በአላህ፣ ማን ነው ይህን ያሸከመሽ?» ብሎ ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሥቶ ትከሻው ላይ አደረገ። «ለአንተ ነው» እንዴት ይባላል? እሱ መንገድ ጀምሮ ሰላምታውንም ጀምሯል። እናቴ ደህና ናት? አባቴ? መኪናዋ? ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «እህትሽስ?» አለ።

«ደህና ናት።»

«አልሐምዱሊላህ።» ጥቂት ሄደና ድንጋዩን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። «ለጉልቻ ነው አይደል? ጥሩ ድንጋይ ነው። ሁለቱን ግን ለምን ተዋችሁት?»

ለጎጆው ጉልቻ ያመጣንለት መስሎት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ማድረግ የቻልኩት ማጭዱን ከእጁ መቀበል ብቻ ነበር። ከኋላችን ሸኹ ሲጣሩ ይሰማኛል፤ ሰውየው ግን የሚጣሩት ቀስ በሉ ለማለት መስሎት እርምጃውን አሳነሰልኝ።

ደጃቸው ስንደርስ አጎትየው ከዘመዶቹ ጋር ተሰልፎ፣ ነጭ ለብሶ፣ ፊቱን አኮሳትሮ የምትመጣውን በደለኛ ይጠብቃል። ያየው የእህቱን ልጅ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመጣ ነው፤ እኔ ከኋላው ማጭዱን ይዤለታለሁ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?» አለ። «ድንጋዩን ለልጅቷ መልስላት! የይቅርታ ድንጋይ ነው!»

ሰውየው ቆመ። አጎቱን አየ፣ እኔን አየ። ገባው። የሚጥለው መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«የተሰደብኩት እኔ ነኝ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ ነህ እንጂ!»

«እንግዲያ ድንጋዩ የኔ ነው። ለሷ ይከብዳታል። የት ላስቀምጠው?»

ሽማግሌዎቹ እያለከለኩ ደረሱ። በድንጋይ ሕግ የተሸከመው ሰው «አውርድ» እስኪባል ያወርድ ዘንድ አይፈቀድለትም፤ አውርድ የሚለው ደግሞ ተበዳዩ ነው፤ ተበዳዩ ድንጋዩን ተሸክሟል። አንደኛው ሽማግሌ ራሱ ለራሱ አውርድ ይበል አሉ፤ ሌላኛው እንዲህ ያለ ነገር ከአባቶቻችን አልሰማንም አሉ። ክርክሩ እስኪያልቅ ሰውየው ድንጋዩን እንደያዘ አባቴን ሰላም ማለት ጀመረ። የስፌት መኪናዋ ላይ ሲደርስ ሸኹ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አንተ» አሉት አጎትየውን፣ «አውርድ በለው፤ ልጁ ደከመው።»

«አውርድ» አለ አጎትየው፤ ድምፁ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልታወቀም።

እኔ ማጭዱን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። «አፉ በሉኝ» አልኩ። ሌላ ቃል አልነበረኝም። «አፉ ብለንሻል» አሉ በአንድ አፍ። ዱዓ ሲደረግ አጎትየው ራሱ እጁን ዘርግቶ «ያ አላህ፣ ልጆቻቸውን ሁሉ ፋራ አድርግላቸው» አለ። ሸኹ ጥቂት አሰቡበትና «አሚን» አሉ። እኛም አልን።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እህቴ ሱቅ ውስጥ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ መርገጫውን ግን አልረገጠችም። አባቴ ገና ከበሩ «አልቋል፣ ኒካው አለ» አላት። እሷ ግን እኔን አየች። ከሦስት ሳምንት በኋላ መጀመሪያ የተናገረችኝ ቃል «ድንጋዩ ከበደሽ?» የሚል ነው።

የተሸከመው እሱ እንደሆነ፣ ለጉልቻ መስሎት እንደነበር፣ ካወቀም በኋላ አልመልስላትም እንዳለ አንድ በአንድ ነገርኳት። ከዚያ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ ደስታ መስሎኝ «በቃ እኮ፣ እሱም ይቅር ብሎኛል፤ አንቺም ስለሰደብኩት ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ስለሰደብሽው አይደለም ያኮረፍኩሽ» አለች። «ፋራ ስትዪው ስላመንኩሽ ነው።»